መንጃ ፈቃዴን ከመሳቢያ ያወጣሁት በ42 ዓመቴ ነው

መንጃ ፈቃድ ያገኘሁት ገና 30 ዓመት ሳይሞላኝ ነው። መኪና አልነበረኝም። የመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ ተሰባስበው ሲመዘገቡ አብሬ ተመዘገብኩ። ተማርኩ፣ ተፈተንኩ፣ አለፍኩ። መንጃ ፈቃዱ መጣና መሳቢያ ውስጥ ገባ። ጊዜው ሲደርስ አሳድሰዋለሁ፣ መልሼ እዚያው አኖረዋለሁ። እንዲህ እያልኩ መሪ ሳልጨብጥ ዓመታት አለፉ።

እንደኔ ያለ ሰው አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ ነው። መንጃ ፈቃድ አለው፣ አንዳንዱም በር ላይ የቆመ መኪና አለው፣ ግን አይነዳም። ሲጠየቅ "ጊዜ አጣሁ" ይላል። እኔም እንደዚያ ስል ኖሬአለሁ። እውነቱ ግን ፍርሃት ነው። ይህን የምጽፈው ለእነሱ ነው፤ በተለይ ዕድሜዬ ሄደ ብለው ተስፋ ለቆረጡት።

ነገሩን የለወጠው የእማዬ ሕመም ነው። የኩላሊት እጥበት ጀመረች፣ በሳምንት ሁለት ቀን፣ በማለዳ። እኛ የምንኖረው አያት ነው፣ የምትታጠበው ደግሞ ፒያሳ አካባቢ። በዚያ ሰዓት ታክሲ መጋፋት ለጤነኛም ይከብዳል። መመለሱ ይብሳል፤ ከእጥበት የወጣ ሰው ይዝላል፣ ቆሞ መጠበቅ አይችልም። ኮንትራት ታክሲው ደግሞ ደመወዜን በላው። የባለቤቴ ሥራ ሐዋሳ ስለሆነ የሚመጣው ለቅዳሜና እሑድ ነው። መኪናችን ቪትዟ ሳምንቱን ሙሉ ሸራ ለብሳ ግቢ ውስጥ ትቆማለች። አንድ ማታ እማዬ "ልጄ፣ ሸክም ሆንኩባችሁ እኮ" አለችኝ። በነጋታው መንጃ ፈቃዴን አወጣሁ።

መጀመሪያ ያለማመደኝ ባለቤቴ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ነው። ባለቤቴ ጎበዝ ነጂ ነው። ግን ሃያ ዓመት የነዳ ሰው እግሩ ምን እንደሚሠራ አያውቅም። "ፍሪሲዮኑን ልቀቂ" ይለኛል፤ ምን ያህል፣ በምን ፍጥነት፣ የት ላይ ያዝ ማድረግ እንዳለብኝ ሊነግረኝ አይችልም። የእኛ መኪና ደግሞ እንደ ማሰልጠኛ መኪና በእሱ በኩል ፍሬን የላትም። ስለዚህ እሱም ከእኔ እኩል ይፈራል። የእሱ ፍርሃት በጩኸት ይወጣል፤ "ፍሬን! ፍሬን!" ሲል እኔ እግሬ ይደርቃል። ሁለት ቅዳሜና እሑድ ሳንነጋገር ዋልን። የምትወዱት ሰው እንዲያለማምዳችሁ አትጠይቁ አልልም፣ አንዳንዱ ትዕግሥቱ ይገርማል። ግን የመጀመሪያው ጊዜ ላይ ባይሆን ይመረጣል። መኪናውን መቆጣጠር ከቻላችሁ በኋላ አጠገባችሁ ቢቀመጥ ሁለታችሁም ትጠቀማላችሁ።

ሌላም ነገር ገባኝ። ማሰልጠኛ ተቋም ውስጥ የተማርኩት ፈተና ማለፍን ነበር። ሜዳው ላይ "እዚያ እንጨት ጋ ስትደርሺ መሪውን ሙሉ አዙሪ፣ እዚህ ድንጋይ ጋ መልሺ" ነው የተባልኩት። እንጨቱን ይዤ አለፍኩ። መንገድ ላይ ግን እንጨት የለም። ገና እየተማራችሁ ያላችሁ ካላችሁ አሠልጣኛችሁን "ለምን?" ብላችሁ ጠይቁት። መሪው ሲዞር የኋላ ጎማ የት ይሄዳል? ፊቱ ምን ያህል ይወጣል? ይህን የተረዳ ሰው ምልክት አያስፈልገውም። ከተማ ውስጥ የምትነዱበትን ሰዓትም በሙሉ ተጠቀሙበት፤ ዝናብ ነው፣ መንገዱ ተጨናንቋል ተብሎ አይቀነስባችሁ። የምትማሩት ለዚያ ነው።

በጓደኛዬ በኩል አንድ ሽማግሌ አለማማጅ አገኘሁ። ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር ናቸው፤ አሁን በማሠልጠን ይተዳደራሉ። ጋሼ እያልኩ ነው የምጠራቸው። የመጀመሪያው ቀን ሞተር አላስነሳሁም። ወንበሩን አስተካከልን፣ በቃ። ይህን ነገር ማንም በደንብ አሳይቶኝ አያውቅም ነበር። ፍሪሲዮኑን እስከ መጨረሻው ስትረግጡ ጉልበታችሁ ትንሽ ታጥፎ መቅረት አለበት። ጀርባችሁ ከወንበሩ ሳይላቀቅ እጃችሁን መሪው አናት ላይ ብትዘረጉት አንጓችሁ ማረፍ አለበት። አጭር ስለሆንኩ ትራስ ጨመርን። ከዚያ ስፖኪዮዎቹን አስተካከልን። እግሬ ፍሪሲዮን ላይ የሚንቀጠቀጠው በፍርሃት ብቻ ይመስለኝ ነበር። ግማሹ ወንበሩ ርቆ በጣቴ ጫፍ ስለምረግጥ ነው። ተረከዜ ወለሉን ሲነካ መንቀጥቀጡ ቀነሰ።

ሁለተኛው ቀን ላይ "ልጄ፣ ምንድነው የሚያስፈራሽ?" አሉኝ።

"ሁሉም" አልኳቸው።

"ሁሉም የሚባል ነገር የለም። አንድ በአንድ ንገሪኝ።"

ቁጭ ብለን ቆጠርናቸው። ዳገት ላይ ተነስቶ መሄድ። አደባባይ። ሲኖትራክ። በሪቨርስ ማቆም። በድንገት የሚሻገር ሰው። ከኋላ የሚጮህ ክላክስ። እሳቸው ሰሙኝና "በይ ከዳገቱ እንጀምር" አሉ። እናንተም ይህን አድርጉ፤ ወረቀት ላይ ጻፉት። ፍርሃት በጥቅሉ ሲታይ መግቢያ የለውም። ሲከፋፈል ግን እያንዳንዱ መልስ አለው፤ አብዛኛው በልምምድ የሚገኝ የእጅና የእግር ሥራ ነው።

ዳገቱን ለሳምንታት ሠራነው። ሌላው ይቆይ ያሉኝ፣ አዲስ አበባ ላይ ዳገት የሚፈራ ሰው የትም መድረስ ስለማይችል ነው። ከእኛ እስከ ፒያሳ ስሄድ ቀበና ላይ ወርዶ መውጣት አለ፣ ራስ መኮንን ድልድይ ላይ ደግሞ እንደገና። ኮንዶሚኒየሙ ጀርባ ጸጥ ያለች ዳገት አለች። እዚያ የእጅ ፍሬን እንስባለን። አንደኛ ማርሽ። ነዳጅ ትንሽ። ከዚያ ፍሪሲዮኑን በጣም ቀስ አድርጎ መልቀቅ። ጋሼ "በጆሮሽ ስሚ" ይላሉ። የሞተሩ ድምፅ ይወፍራል፣ የመኪናው አፍንጫ ትንሽ ቀና ይላል። እዚያ ላይ እግርን ማቆም ነው። የእጅ ፍሬኑ ሲለቀቅ መኪናው ወደ ኋላ አይሄድም። ይህችን ቦታ እግራችሁ ካወቃት የፍርሃታችሁ ትልቁ ክፍል ያልቃል። ግን እዚያ ላይ ብዙ አትቆዩ፤ ፍሪሲዮኑ ይቃጠላል፣ ሽታው ይነግራችኋል። ሰልፉ ካልተንቀሳቀሰ የእጅ ፍሬን ስባችሁ ፎሌ አድርጉና እግራችሁን አሳርፉ።

ስለ ቁልቁለትም አንድ ነገር ልበል። ነዳጅ ለመቆጠብ ብለው በፎሌ የሚወርዱ ሰዎች አሉ፤ አንዳንዶቹ እንደ ብልሃት ይመክሯችኋል። አትስሟቸው። ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ የሚወርደውን ዓይነት መንገድ በፎሌ ከወረዳችሁት መኪናውን የሚይዘው ፍሬኑ ብቻ ነው፤ ፍሬን ደግሞ ሲግል ይደክማል። ወደ ታችኛው ማርሽ ቀይሩ፣ ሞተሩ ራሱ ይይዘዋል።

ከሰፈር የወጣነው እሑድ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ነው። ከአያት በሲኤምሲ እስከ መገናኛ ያለውን መንገድ ጋሼ የመረጡት በምክንያት ነው። የቀላል ባቡሩ ሐዲድ መሃል ለመሃል ስለሚከፍለው ከፊት ለፊት የሚመጣ መኪና የለም። ለጀማሪ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው፤ ቀኝና ኋላን ብቻ ትጠብቃላችሁ። በየሰፈራችሁ እንዲህ ያለ መንገድ ፈልጉ። በዓል ዋዜማ ግን አትውጡ። በጉም፣ ዶሮውም፣ ሰውም መንገድ ላይ ነው። እሑድ ማለዳም ቢሆን ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ነጠላ ለብሰው የሚሻገሩ እናቶች አሉ፣ ሯጮችም አሉ። ፍጥነት ቀንሱ።

እየነዳሁ የማየውን ሁሉ ጮክ ብዬ እንድናገር ያደርጉኝ ነበር። "ሚኒባስ ቆሟል፣ ሊወጣ ይችላል። ልጅ ኳስ ይዟል። ዜብራ አለ። ከኋላዬ ነጭ መኪና።" መጀመሪያ አፈርኩ። በኋላ ግን ጥቅሙ ገባኝ። የሚናገር ሰው ይተነፍሳል። ስፈራ ትንፋሼን እይዝ ነበር፣ ትከሻዬ ወደ ጆሮዬ ይወጣል፣ መሪውን እጄ እስኪነጣ እጨብጣለሁ። ሳወራ ያ ሁሉ ይላላል። ደግሞ ዓይኔ ከመኪናው አፍንጫ ላይ ተነስቶ ወደ ሩቅ ማየት ጀመረ። ፈሪ ነጂ አጠገቡን ነው የሚያየው። ስለዚህ ሁሉም ነገር በድንገት ይመጣበታል። የሚሻገረውን ሰው ገና ጠርዝ ላይ ሳለ ካያችሁት ድንገተኛ አይሆንም።

አደባባዩን ማለፍ የቻልኩት ሁለት ነገር ይዤ ነው። አንደኛ፣ ቅድሚያው በግራ በኩል አደባባዩ ውስጥ ላለው መኪና ነው። ሁለተኛ፣ መውጫው ቢያመልጣችሁ ምንም አይደለም፤ አንድ ዙር ጨምሩ። ድንገት ወደ ቀኝ መታጠፍ ነው አደጋ የሚያመጣው። አራት ኪሎ ላይ ሐውልቱን ደጋግሜ የዞርኩበት ቀን አለ። ማንም አልተጎዳም፣ እኔም ደረስኩ።

ሲኖትራክን በተመለከተ ሕጉ አጭር ነው፤ የሾፌሩን ፊት በስፖኪዮው ካላያችሁት እሱም አያያችሁም። በቀኙ ተጠግታችሁ አትሂዱ። ኋላው ላይም አትለጠፉ፣ በተለይ ዳገት ላይ።

ክላክሱ ግን ልምምድ አልነበረውም። ጋሼ እያሉ አንዴም አልተፈተንኩበትም፤ እሳቸው አጠገቤ ሲሆኑ የሚጮኸው በእሳቸው ላይ ይመስለኛል። ፈተናው የመጣው ብቻዬን በወጣሁ ጊዜ ነው።

እማዬን ከማሳፈሬ በፊት መንገዱን ብቻዬን ደጋግሜ ልሄደው ወስኜ ነበር። ከአራት ኪሎ ወርጄ ራስ መኮንን ድልድይን አልፌ ወደ ፒያሳ ስወጣ ሰልፉ ቆመ። ቆምኩ። ሰልፉ ሲነሳ ሞተሩ ጠፋብኝ። አስነሳሁት፣ እንደገና ጠፋ። መኪናው ትንሽ ወደ ኋላ ተንሸራተተ። ከኋላዬ ሚኒባስ አለ፣ ክላክሱን አልለቀቀውም። ከእሱ ኋላ ያሉትም ተቀበሉት። ጆሮዬ ውስጥ የልቤ ምት ብቻ ቀረ። የተማርኩት ሁሉ ጠፋ። በሩን ከፍቼ መኪናውን ጥዬ መሄድ አማረኝ፤ እውነቴን ነው።

ያኔ የሚኒባሱ ረዳት ዘሎ ወረደ። ሊሰድበኝ ነው ብዬ መስኮቱን ልዘጋ ስል፣ ከመንገድ ዳር ድንጋይ አንስቶ የኋላ ጎማዬ ሥር ታኮ አደረገልኝ። ከዚያ መስኮቴ ጋ መጥቶ "አይዞሽ እናቴ፣ አትሄድብሽም። ቀስ ብለሽ ውጪ" አለኝ። ወደ ኋላ ዞሮ ለሾፌሩ እጁን አወዛወዘ፣ ክላክሱ ቆመ። የእጅ ፍሬኔን ሳብኩ። ፎሌ አደረግኩ። ትንፋሼን አወጣሁ። ሞተሩን አስነሳሁ፣ ድምፁን ሰማሁ፣ ወጣሁ። ልጁ ድንጋዩን ወደ ዳር ወርውሮ ሚኒባሱ ላይ ሲንጠለጠል በስፖኪዮ አየሁት።

ማዘጋጃ ቤቱ ጋ ስደርስ ዳር ይዤ ቆምኩና አለቀስኩ። ግን ያን ቀን አንድ ነገር ተገለጠልኝ። ስፈራ የኖርኩት መኪናውን ሳይሆን ከኋላዬ ያለውን ሰው ነው። እሱን አስቸገርኩት፣ ይጠላኛል፣ ይስቅብኛል ብዬ ነው። ለካ የሚያናድደኝ ሚኒባስ ውስጥ የሚረዳኝ ሰው ተቀምጦ ነበር። ክላክስ በከተማችን ሺህ ነገር ነው፤ መንገደኛ ለመጥራትም ይጮሃል፣ ለሰላምታም፣ መብራቱ አረንጓዴ ሆነ ለማለትም። ሁሉንም ስድብ አድርጌ ስሰማ ነው የኖርኩት። ስድብ የሆነውም ቢሆን እኔን ቀድሞ ሊያንቀሳቅሰኝ አይችልም። ያ ሰው አንድ ደቂቃ ይጠብቃል። እኔም ታክሲ ውስጥ ተቀምጬ ስንት ለማጅ ጠብቄአለሁ።

ከዚያ ወዲህ ቅደም ተከተል አለኝ፣ ለእናንተም እመክራለሁ። ሞተር ሲጠፋ መጀመሪያ የእጅ ፍሬን። ከዚያ አራቱም ፍሬቻ በአንድ ላይ እንዲያበራ ማድረግ፤ ከኋላ ያለው ችግር እንዳለ ያውቃል፣ ብዙው ሰው ዞሮ ያልፋል። ከዚያ ፎሌ። ከዚያ ትንፋሽን ረዘም አድርጎ ማውጣት። ሞተር ማስነሳት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። እጃችሁ የሚሠራው ካገኘ ጭንቅላታችሁ ይረጋጋል። የኋላ መስታወት ላይ "ለማጅ" ብላችሁ ለጥፉ። የሚያፍሩበት አሉ። እኔ ከለጠፍኩ በኋላ የሚጮኸው ቀንሷል፣ የሚያሳልፈኝም በዝቷል።

መኪና ማቆም ላይ የምመክረው አንድ ነው። ቆሞ የሚመራችሁ ሰው አይጠፋም። አንዱ "ቁረጪ ቁረጪ" ይላል፣ ሌላው "መልሺ" ይላል፣ ጥበቃው ደግሞ "ነይ ነይ" ይላል። ሁሉንም ልታስደስቱ ስትሉ ትጋጫላችሁ። አመስግኑና ስፖኪዮአችሁን እዩ። ካልታየ ውረዱና አይታችሁ ተመለሱ። ወርዶ ማየት ነውር የለውም። እማዬ ስትታጠብ እጥበቱ አራት ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ እኔ ጊቢው ጸጥ ባለበት ሰዓት አንድ ቦታ ላይ እየገባሁ እየወጣሁ ነው ሪቨርስ የለመድኩት።

እማዬ መጀመሪያ የተሳፈረችው ከኋላ ነው። መቁጠሪያዋን ይዛ እስክንደርስ ስትጸልይ ነበር። ቀበና ዳገት ላይ ስቆም ጸሎቱ ይጨምራል፣ ስነሳ ይቀንሳል። ወደ ቤት ስንመለስ እንቅልፍ ወሰዳት። ለእኔ ያ እንቅልፍ ነው መንጃ ፈቃድ የሆነኝ።

የማይጠቅመውንም ልንገራችሁ። ልምምድ ከመሄዴ በፊት ቡና እጠጣ ነበር፤ ልቤን ያስመታዋል፣ እሱን እንደ ፍርሃት እቆጥረዋለሁ። ተውኩት። "ትንሽ ቢራ ለድፍረት" ያለኝ ሰው አለ። በፍጹም። የሚያረጋጋ ኪኒን ውጣችሁም መሪ አትያዙ። ማታ ማታ የአደጋ ቪዲዮ ማየትም ጎድቶኛል፣ ጠዋት እጄ ይከዳኛል። ጫማም ቀላል አይደለም፤ ስሱና ጠፍጣፋ ሶል ያለው ይሁን፣ ነጠላ ጫማ ፍሬን ሥር ሊሰነቀር ይችላል። ከዚህ ቀደም አደጋ ደርሶባችሁ መኪና ውስጥ ስትገቡ ትንፋሽ የሚያጥራችሁ ከሆነ ግን ነገሩ የልምምድ ብቻ አይደለም፤ የሥነ ልቦና ባለሙያ አማክሩ። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ በዚያ መንገድ ነው የተመለሰችው።

ክረምት ሲገባ እንደ አዲስ ፈራሁ። መስታወቱ በትንፋሽ ይጨፈናል። አየር ማቀዝቀዣውን ወደ ፊት መስታወቱ አዙሩት፣ ወዲያው ይጠራል። ውሃ ያቆረ ቦታ ሥሩ ምን እንዳለ ስለማይታወቅ ከፊት ያለው መኪና እንዴት እንዳለፈው እዩ። ማታ ረጅም መብራት የሚያበራባችሁ ሲመጣ መብራቱን አትዩት፤ ዓይናችሁን ወደ መንገዱ ቀኝ ጠርዝ አውርዱ፣ ፍጥነት ቀንሱ። ከከተማ ውጭ በማታ አሁንም አልነዳም፣ ወደፊትም ለመንዳት አልቸኩልም። ሐዋሳ ባለቤቴ ጋ ስሄድ በማለዳ ወጥቼ ገና በብርሃን ነው የምገባው።

ለመጀመር የተነሳችሁ ካላችሁ፣ ነገ ጠዋት ቁልፍ ከማንሳታችሁ በፊት ሁለት ወረቀት አውጡ። የመንጃ ፈቃዳችሁ ጊዜ አልፎ ከሆነ መጀመሪያ አሳድሱ። ከዚያ የኢንሹራንስ ውላችሁን አንብቡ። የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ በሕግ ግዴታ ነው፤ የሚሸፍነው ግን ሌላውን ሰው እንጂ የእናንተን መኪና አይደለም። ሙሉ ሽፋን ያላችሁም ልምድ የሌለው ሰው ሲነዳ ከኪስ የሚከፈለው ይጨምር እንደሆነ ጠይቁ። እኔ ይህን የጠየቅሁት ፓራውልቴን ከግቢው በር ጋር ካጋጨሁ በኋላ ነው። እናንተ ቀድማችሁ ጠይቁ፣ ከዚያ እሑድ ጠዋት ውጡ።